የ«እትዬ ይደገም» ዕረፍትና የሁለተኛው ቆጠራ ነገር

የጉበት ሕክምና ማዕከላችን የደም ቆጠራ ክፍል ኃላፊ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ያገለገሉን፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ይደገም» እያለ የሚጠራቸው እናታችን፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ለመምጣት ጫማቸውን ሲያስሩ ባጋጠማቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተውናል። ማዕከሉ ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶታል የምንለው እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ እንዲያ ማለት ስለተለመደ አይደለም። ማክሰኞ ዕለት በላቦራቶሪው ኮሪደር ሰው ሁሉ ሥራውን ይሠራ ነበር፤ ግን ዓይን ለዓይን የሚተያይ አልነበረም።

ይህ መግለጫ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ በአስተዳደሩ ታዝዞ ነበር። እንዲያረቅቅ የተመደበው የመዝገብ ክፍል ነው። የመዝገብ ክፍል ደግሞ እትዬን ከማንም ይልቅ የሚያውቃቸው፣ ከማንም ይልቅም በእሳቸው የተነዘነዘ ክፍል ስለሆነ አንድ ገጽ አልበቃውም። አስተዳደሩ ረቂቁን ካነበበ በኋላ «ይሁን» ብሎ መልሶታል።

መግለጫው የረዘመበት ሌላም ምክንያት አለ። የሞታቸው ወሬ ከተሰማበት ከማክሰኞ ቀትር ጀምሮ የማዕከሉ ስልክ ፋታ አላገኘም። ብዙዎቹ የደወሉት ሊያጽናኑን ብቻ ሳይሆን ሊጠይቁንም ነበር፤ አንቀየማቸውም። «ሁለተኛ ቆጠራ» በሚባለው ዝርዝራችን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሕመምተኞች አሉ። የእነዚህ ሰዎች የጉበት ዕጢ በታሰበው ሕክምና ይታከም ወይስ አይታከም የሚለው የሚወሰነው በዳግም የደም ቆጠራ ነው፤ ቆጠራውን የሚያጸድቁት ደግሞ እትዬ ነበሩ። ተራው የደረሳቸው የመጀመሪያው ሰው የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚነዱ፣ የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ቀጠሯቸው ሐሙስ ጠዋት ነበር። የእትዬ ቀብርም ሐሙስ ጠዋት ሆነ።

የሹፌሩ ባለቤት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደውለው ለስልክ ተቀባያችን የተናገሩት፣ በፈቃዳቸው፣ እንዲህ ተመዝግቧል፦ «ስለ እሳቸው በጣም አዝኛለሁ፣ እግዜር ያጽናችሁ። ግን አልዋሽሽም እህቴ፣ የማለቅሰው ለራሴም ነው። ሐሙስ ካለፈን ቀጣዩ ተራ ከወር በኋላ ነው፤ እስከዚያ ዕጢው ከልኩ ያልፋል ብለውናል። አሁን ማን ሊቆጥርልን ነው?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አለን፣ እንሰጣለንም። አስቀድመን ግን ሁለተኛ ቆጠራ የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ መናገር ይገባናል፤ ታሪኩ ማዕከሉን ሁልጊዜ የሚያስመሰግነው ባይሆንም።

እትዬ የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው። በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ሠልጥነው ማዕከላችን ሲቀጠሩ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበሩ። የተሰጣቸው ክፍል ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት፣ በራጅ ክፍሉና በልብስ ማጠቢያው መካከል የተሸጎጠ ጠባብ ክፍል ነው። ከወዲያ በኩል የካውያ እንፋሎት ግድግዳውን ያሞቀዋል። ያለችው አንዲት መስኮት ከእግረኛው መንገድ ጋር እኩል ስለሆነች የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ይታይባታል። እትዬ አጭር ነበሩ፤ ባለቤታቸው አናጢ ስለሆኑ የወንበሩን እግር በአራት ጣት አስረዝመውላቸዋል። ንብረት ክፍል ወንበሩን «ያለ ፈቃድ የተሻሻለ» ብሎ መዝግቦታል፣ እስከ ዛሬም አልሰረዘም።

በአራተኛው የሥራ ዓመታቸው ያመጡት ነገር ትንሽ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ የነጭ የደም ሴል ዓይነቶች የሚለዩት በማሽን ሳይሆን በዓይን ነው፤ ጠብታዋ መስታወት ላይ በስሱ ትቀባለች፣ ቀለም ትጠጣለች፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ መቶ ሴል ይቆጠራል። እትዬ ሁለት መቶ መቁጠር ጀመሩ። ለምን ሲባሉ «መቶው ለእናንተ ነው፣ መቶው ለእኔ» ይሉ ነበር። ሁለቱ መቶዎች ካልተስማሙላቸው በውጤት ወረቀቱ ጥግ በእርሳስ «ይደገም» ብለው ይጽፋሉ፣ ደምም እንደገና ያስቀዳሉ። ስማቸው ከዚያ መጣ። በሠራተኞች የዓመት መዝጊያ ዝግጅት ላይ አንድ ዘፈን ተወድዶ አዳራሹ «ይደገም፣ ይደገም» ሲል፣ ሰው ዞሮ የሚያየው ዘፋኙን ሳይሆን እሳቸውን ነበር። እሳቸውም ተነሥተው እጅ ይነሡ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ወደ እኛ፣ ወደ መዝገብ ክፍል፣ መጡ። ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው የሕመምተኛ ፊት አያይም፤ የሚያየው ክዳኗ ወይን ጠጅ የሆነ፣ ከጣት የማትረዝም ቱቦ ነው። የአንድ ሰው ቱቦ በየወሩ ይመጣ ይመጣና አንድ ቀን ይቀራል። ሰውየው ድኖ ይሁን ሞቶ ላቦራቶሪው አያውቅም፤ ማንም አይነግረውም፣ እሱም አይጠይቅም። እትዬ ጠየቁ።

ያስተዋሉት ነገር ይህ ነው። በደማችን ውስጥ ካሉት ነጭ ሴሎች በብዛት የሚገኙት ሁለት ዓይነት ናቸው። ኒውትሮፊል የሚባሉት አደጋ ወደተሰማበት ቀድመው የሚሮጡ ናቸው፤ እትዬ «ፈጥኖ ደራሾቹ» ይሏቸዋል። ሊምፎሳይት የሚባሉት ደግሞ የገባውን ጠላት ለይተው የሚያስታውሱ ናቸው፤ እነዚህን «መዝገብ ክፍል» ይሏቸው ነበር፣ ኮርተንበታል። ቁስል ተቆጣ እንደምንለው የሰው ሰውነትም ከውስጥ ሲቆጣና ቁጣው ሲሰነብት ፈጥኖ ደራሾቹ ይበዛሉ፣ መዝገብ ክፍሎቹ ይመናመናሉ። እትዬ የጉበት ካንሰር ሕመምተኞችን ደም ሲቆጥሩ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው እያካፈሉ የወጣውን ቁጥር ለብቻው ይይዙ ነበር። ከሕክምናው በፊት ይህ ቁጥር ከፍ ያለባቸው ሰዎች ቱቦ ቶሎ እንደሚቀር ጠረጠሩ።

ጥርጣሬያቸውን ይዘው ሲመጡ የዚያን ጊዜው የመዝገብ ክፍል ኃላፊ የሰጣቸው መልስ «የሞቱት ፋይሎች መጋዘን ናቸው፤ ቁልፉ ይኸው፣ አቧራው የራስዎ» የሚል ነበር። እትዬ ቁልፉን ወሰዱ። ሰባት ወር የምሳ ሰዓታቸውን መጋዘን ውስጥ አሳለፉ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ፋይል ገለጡ። ዕጢውን የሚመግበውን ደም ሥር በመድፈን ከታከሙት መካከል ቁጥራቸው ከአራት በታች ከነበረው ሰዎች፣ ከአሥሩ ስምንቱ ከዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ከአራት በላይ ከነበረው ግን ከአሥሩ አምስቱ ብቻ። ስድስት ፋይሎች ደግሞ የሞቱ ሳይሆኑ አድራሻ የቀየሩ ሰዎች ፋይል ሆነው ተገኙ። ስድስቱንም ከሞት አስነሥተው ወደ ላይኛው መደርደሪያ የመለሱልን እሳቸው ናቸው፤ ይህን ሥራ በቸልታ የሠራው ክፍል የትኛው እንደሆነ ለመናገር አንገደድም።

በአሥራ ሦስተኛው ዓመት ማዕከሉ ለእትዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። በጊዜው የጉበት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሐኪም አንድ የውጤት ወረቀት ላይ «ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ይደገም» የሚል ጽሑፍ አግኝተው፣ የላቦራቶሪ ሥራ ቁጥር መስጠት እንጂ ሐኪም ማዘዝ አይደለም ብለው ከሰሷቸው። የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር፣ እንደማንኛውም ማስጠንቀቂያ፣ «ይህ ድርጊት ሁለተኛ እንዳይደገም» ይላል። እትዬ በግልባጩ ግርጌ በእርሳስ «የቱ? ቆጠራው ወይስ መጻፉ?» ብለው፣ ፈርመው መለሱት። ግልባጩ ማኅደራቸው ውስጥ አለ። የማዕከሉ ሥራ አመራር ባለፈው ረቡዕ ባደረገው ስብሰባ ይህን ማስጠንቀቂያ ሽሯል። ሃያ አምስት ዓመት ዘግይቷል፤ እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ዝም ተባሉ። እሳቸው ግን ዝም አላሉም፤ ቁጥሩን ማንም ሳይጠይቃቸው በየወረቀቱ ጥግ መጻፋቸውን ቀጠሉ። እስከዚያው ማሽን ገባ፣ ቆጠራውም የደቂቃ ሥራ ሆነ። በሌላም ሥፍራ ያሉ ተመራማሪዎች ይኸንኑ ቁጥር ሲያጠኑ እንደቆዩ ተሰማ። በሠላሳኛው ዓመት ወጣት የጉበት ክፍል ኃላፊ ተሾሙልን፤ እኚህ ሐኪም ቁጥሩን ከልባቸው አመኑበት። የእትዬ ቁጥር በይፋ ቅጽ ላይ የራሱ ሣጥን ተሰጠው። የዚያን ዕለት እትዬ ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ብስኩት ገዝተው አደሉ።

ደስታቸው ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። ማዕከሉ ቁጥሩን ከማወቅ አልፎ መቁረጫ አደረገው። ከአምስት በላይ የሆነበት ሕመምተኛ ሕክምናው ስለማይጠቅመው ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ይሸኝ የሚል መመሪያ ወጣ። አሠራሩ አሥራ አራት ወር ቆየ። መመሪያው ክፋት አልነበረበትም፤ የሕክምና ቦታው ጥቂት ነበር፣ ተሰላፊው ብዙ። ቢሆንም በዚያ መመሪያ ምክንያት በራችን ላይ ተሸኝተው የሄዱ ሰዎች አሉ፤ ቁጥሩን ያገኙት ሴትዮም ይህን እያዩ እታች ተቀምጠው ይሠሩ ነበር።

በእነዚያ ወራት እትዬ አንድ ነገር አዩ። ከፍተኛ ቁጥር የሚበዛው ሐሙስ ሐሙስ ነው። መጀመሪያ ማሽኑን ጠረጠሩ፣ በዓይናቸው ደግመው ቆጠሩ፤ ማሽኑ አልተሳሳተም። «ካንሰር ቀን ቆጥሮ አይቆጣም» ብለው አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ ወደ ላይ ወጡ፤ በሕመምተኞች ማዘጋጃ ክፍል ጥግ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ነርሶቹ ኢንስፔክሽን መጣ ብለው ደንግጠው ነበር።

ያገኙት ይህ ነው። ከሩቅ የሚመጡ ሕመምተኞች ለሐሙሱ ሕክምና ረቡዕ ይገባሉ። በክንዳቸው ላይ የመድኃኒት መስጫ መስመር ይከፈትላቸዋል፣ ማታውኑ ማቅለሽለሽንና እብጠትን የሚከላከል ኪኒን ይሰጣቸዋል። ለቆጠራ የሚሆነው ደም ኪኒኑ ከመዋጡ በፊት መቀዳት ነበረበት። ነገር ግን ሐሙስ ጠዋት፣ ኪኒኑ ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ በኋላ፣ ከዚያው ከተከፈተው መስመር ይቀዳ ነበር። ያ ኪኒን ደግሞ ፈጥኖ ደራሾቹን ያበዛል፣ መዝገብ ክፍሎቹን ያሳንሳል። ጤነኛ ሰው ቢወስደውም ቁጥሩ ከፍ ይላል።

በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራ። ቃለ ጉባኤ የያዘችው ባልደረባችን የሰማችውን ሁሉ እንደወረደ የመጻፍ አመል አላት፤ ብዙ ጊዜ ተገሥጻበታለች፣ በዚህ ጉዳይ ግን ባለውለታችን ናት። እንዲህ ይላል፦

ኃላፊው፦ «እትዬ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ ቁጥር ነው። ሃያ ዓመት ስሙኝ ሲሉ ነበር፣ ይኸው ሰማንዎት። አሁን ደግሞ ለምን ሰማችሁኝ ሊሉን ነው?»

እትዬ፦ «ሰማችሁኝ፣ ግማሹን። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሰውየው ምን ነካው ብላችሁ ጠይቁ ነው ያልኩት። ሂድ በሉት አላልኩም።»

ኃላፊው፦ «ከፍ ያለበትን ሰው ሕክምናው አይጠቅመውም ያለውስ ማነው?»

እትዬ፦ «ብዙዎቹን አልጠቀማቸውም ነው ያልኩት። ብዙዎቹ ማለት እሱ ማለት አይደለም። ደግሞ ልጄ፣ ይሄ የሐሙስ ቁጥር የዕጢው አይደለም፣ የኪኒኑ ነው።»

የማዘጋጃ ክፍሉ ነርስ፦ «እኔ ነኝ ያደረግኩት። ደም ሥራቸው ይጠፋና ሦስት አራቴ ስንወጋቸው አንጀቴን ይበሉታል። መስመር ከተከፈተ አይቀር ጠዋት በዚያው ልቅዳላቸው፣ አንዴ ይበቃቸዋል ብዬ ነው።»

እትዬ፦ «አንቺማ አዝነሽላቸው ነው። ከኪኒኑ በፊት ቅጂ ያለሽ ሰው የለም። እኔም አላልኩሽም። እታች ቁጭ ብዬ ቱቦው ሲመጣልኝ ከየት መጣህ፣ ስንት ሰዓት ተቀዳህ ብዬ አልጠየቅኩትም።»

ከዚያ ኃላፊው «ስንት ሰው ነው የሸኘነው?» ብለው ጠየቁ። እኚህ ሐኪም ዛሬ የማዕከሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ናቸው፤ ይህ ሁሉ በመግለጫው ውስጥ ሳይቀነስ እንዲገባ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው።

የተሸኙት አሥራ አንድ ነበሩ። እትዬና ነርሷ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው፣ አንዷ ስልክ እየመታች ሌላዋ እየጻፈች፣ ሁሉንም ፈለጉ። ሁለቱ ሞተዋል። አንዱ ዳግመኛ ሆስፒታል አልገባም አሉ። ስምንቱ መጡ። ኪኒን ሳይቀምሱ ደማቸው ሲቆጠር የስድስቱ ቁጥር ከአምስት በታች ሆነና ታከሙ፤ ከስድስቱ የአራቱ ቱቦ ዛሬም በየሦስት ወሩ ይመጣል። ያረፉትን ሁለት ሰዎች ቤተሰቦች ማዕከሉ ያኔ በጽሑፍ ይቅርታ ጠይቋል። እዚህም በሰው ሁሉ ፊት ደግመን እንጠይቃለን።

ሁለተኛ ቆጠራ የተወለደው ከዚህ ነው። ደንቡን እትዬ በአንድ ጠዋት ጽፈው አመጡት፣ እንዲህም ነው። ማንም ሰው በአንድ ቁጥር አይሸኝም። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ጥርሱ፣ ሳንባው፣ ሽንቱና የሚወስደው መድኃኒት ይታያል፤ የተገኘው ነገር ይታከምና ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ጠዋት፣ የዕለቱን መድኃኒት ከመውሰዱ በፊት ደሙ እንደገና ይቆጠራል። ማሽኑ ከቆጠረ በኋላ ሁለት ባለሙያዎች ለየብቻቸው፣ ሳይነጋገሩ፣ በዓይን ይቆጥራሉ፤ ካልተስማሙ ደም እንደገና ተቀድቶ ይደገማል። ከቁጥሩ ጎን አልቡሚን የሚባለው የጉበት ፕሮቲን፣ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችና ሲአርፒ የሚባለው ሌላው የቁጣ ምልክት መጠን ይጻፋል፣ ምክንያቱም እትዬ እንደሚሉት አንድ ምስክር ብቻውን ብዙ ያወራል።

ባለፉት ሰባት ዓመታት በዚህ ደንብ ሰማንያ ስምንት ሰዎች ደማቸው ሁለተኛ ተቆጥሯል። የሠላሳ ሰባቱ ቁጥር ወርዶ የታሰበላቸውን ሕክምና አግኝተዋል። የቀሩት አልወረደላቸውም፤ እነሱም ቢሆኑ አልተሸኙም፣ ለሰውነታቸው የሚስማማ ሌላ መንገድ ተፈልጎላቸዋል፤ አንዳንዶቹን ረድቷል፣ አንዳንዶቹን አልረዳም። እትዬ ቁጥሩ ተአምር እንዲመስል አይፈልጉም ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ጎብኚ «ታዲያ ይሄ ቁጥር ማን እንደሚድን ይነግራችኋል ማለት ነው?» ቢሏቸው «ማንን ቶሎ ማየት እንዳለብን ይነግረናል። የቀረውን እኛ ነን የምንሠራው» ብለው ወደ ማይክሮስኮፓቸው ዞሩ።

አሁን ወደ ሐሙሱ እንመለስ።

አውቶቡስ ነጂው ከአንድ ወር በፊት የመጀመሪያ ቆጠራቸው ስድስት ነጥብ ስምንት ነበር። ሲመረመሩ አንድ የመንጋጋ ጥርሳቸው ሥር መግል ቋጥሮ ተገኘ። ልጆቹን ጠዋት አድርሰው ከሰዓት መልሰው፣ በመካከል የጥርስ ሐኪም ቤት ለመሄድ ሰዓት ስላልተገኘ ለወራት ችለውት ኖሯል። ጥርሱ ተነቀለ፣ መድኃኒቱን ጨረሱ፣ ሦስቱ ሳምንት ሐሙስ ሞላ።

ማዕከሉ ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ቀብር እንዲገኝ ላቦራቶሪው ሐሙስ ተዘግቶ ይዋል ብሎ አዝዞ ነበር። ትእዛዙ የወጣው በቅን ልቦና ነው፣ ግን የሹፌሩን ቀጠሮ ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ያስታወሰችው እትዬ ያሠለጠኗት፣ ሁለተኛዋ ቆጣሪያቸው የነበረች ቴክኖሎጂስት ናት። ዓይኗ አብጦ ቢሮ ገብታ «እኔ እቆጥራለሁ። ግን ደንቡ ሁለት ሰው ይላል፣ ሌላዋ ደግሞ እሳቸው ነበሩ» አለች። ለዚህ ቆጠራ የሠለጠነ ሌላ ሰው አልነበረንም፤ እትዬ ስንት ጊዜ ተጨማሪ ሰው እናሠልጥን ሲሉ አስተዳደሩ በጀት የለም ብሎ መልሷቸዋል። ይህም የእኛ ጥፋት ነው።

በዚሁ መካከል የእትዬ ባለቤት ጋዋናቸውንና መነጽራቸውን ሊወስዱ መጡ። ነገሩን ሲሰሙ ወንበር ሳይቀበሉ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ «ቀብሩ አራት ሰዓት ነበር ያልነው። ስድስት ሰዓት እናድርገው» አሉ። ዳይሬክተሩ ይህን ከቤተሰቡ መጠየቅ እንደከበዳቸው ሲነግሯቸው «እሷን ቸኩለን የትም አናደርሳትም። የቸኮለው ሰውየው ነው» ብለው ወጡ። አናጢው በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ባለቤታቸው ወጥ ሁለት ጊዜ ቀምሰው፣ በር ሁለት ጊዜ ቆልፈው እንደሚወጡ ሲቀልዱ ያልሰማ የለም። ረቡዕ ዕለት ግን አልቀለዱም፤ ደረጃውን ሲወርዱ የማዘጋጃ ክፍሉ ነርስ ክንዳቸውን ይዛ ሸኘቻቸው።

ሁለተኛው ሰው የተገኘው ሐሙስ ማለዳ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት እትዬ ዘንድ የሠለጠኑ፣ አሁን በሌላ ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚመሩ ሴት ባለሙያ ለቀብሩ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥተው በማዕከሉ በር ላይ ቆመው ነበር። ማዕከሉ ጠየቃቸው። ጥቁር ኮታቸውን አውልቀው፣ ጋዋን ተውሰው፣ እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ። የሁለቱ ወረቀቶች በየፖስታቸው ታሽገው ለዳይሬክተሩ ደረሱ። የመጀመሪያው ሦስት ነጥብ ሁለት ይላል። ሁለተኛው ሦስት ነጥብ ዜሮ። ሁለቱም ሴቶች ወደ ቀብር የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። በመንገድ ላይ አንዷ የሌላዋን እጅ ይዛ ነበር።

ሹፌሩ ዓርብ ታክመዋል። ዕጢው ምን ያህል እንደሞተ የምናውቀው ከስድስት ሳምንት በኋላ በሚነሣው ምስል ነው፤ ከዚያ በፊት ተስፋ እንጂ ቃል አንሰጥም። ባለቤታቸው እሑድ ዕለት ሁኔታቸውን ስንጠይቅ «ሾርባው ጨው የለውም ብሎ ተቆጥቶኛል። እሱ ይቆጣ እንጂ፣ ደሙ ብቻ አይቆጣ» ብለውናል። ስልክ ተቀባያችን ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰምተናል።

ሥራ አመራሩ በረቡዑ ስብሰባው ሦስት ባለሙያዎች ለሁለተኛ ቆጠራ እንዲሠለጥኑ ወስኗል፤ በጀቱም ተገኝቷል። እነሱ እስኪደርሱ ድረስ የሕፃናት ሆስፒታሉ ባለሙያ በየሐሙሱ መጥተው አብረውን ይቆጥራሉ። ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ቱቦ ስንት ሰዓትና ከምን መድኃኒት በፊት እንደተቀዳ ካልተጻፈበት ላቦራቶሪው አይቀበለውም።

የማዕከሉ ሥራ አመራር፣ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪና የመዝገብ ክፍል ሠራተኞች በእትዬ ሞት ምክንያት ለባለቤታቸው፣ ሒሳብ አስተማሪ ለሆነችው ልጃቸው፣ ለታናሽ እህታቸውና በየሥፍራው ላሉ ተማሪዎቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛሉ። ስለተበደርናችሁ ሰው እናመሰግናለን። የምሳ ሰዓታቸውን ለሞቱ ፋይሎች የሰጡባቸው ሰባት ወራት ከቤታችሁ ምሳ የተወሰዱ እንደነበሩም አንዘነጋም።

በዝርዝሩ ላይ ላላችሁ አሥራ ስምንት ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻችሁ፦ ቀጠሯችሁ አልተለወጠም። በየተራችሁ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የዕለቱን መድኃኒታችሁን ሳትውጡ በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ። ደረጃውን ስትወርዱ በስተግራ ያለው ሁለተኛው በር ነው። ሁለት ሰው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።